ሳይዘጋ ያልተጻፈ

መጻፍና ጽሑፍ መሆን አንድ አይደሉም። ባለቅኔው ስንኙን ከአፉ ሲያወጣ፣ ጸሐፊው ብዕሩን ከቀለም ነክሮ ሲያነሳ፣ የዘመኑ ሰው ጣቱን በኪቦርድ ላይ ሲያሳርፍ ሁሉም «ጻፍሁ» ይላሉ። በዚህች ቃልና በጸናው ጽሑፍ መካከል ግን ርቀት አለ። ርቀቱ አንዳንዴ የቅጽበት፣ አንዳንዴም የዕድሜ ያህል ነው። ይህን ርቀት ወለል አድርጎ ያሳየኝ የግጥም መጽሐፍ አይደለም፤ ሲ የተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ «ስለ ኮምፒውተር ቋንቋ በሥነ ጽሑፍ መድረክ ምን ያወራል?» ብላችሁ አትታዘቡኝ። እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም። የምኖረው በባንክ መስኮት፣ የማመሸው በግጥም ደብተር ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሲን ያስተማረኝም እሱ ነው፣ በአንድ ክረምት ቅዳሜና እሑድ። ከተማርሁት ሁሉ በልቤ የቀረው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ጽሑፍን ወደ ፋይል የመጻፍ ምዕራፍ። እሱም የቀረው ስለ ቃል ዕጣ ፈንታ የሚናገር ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ሲ ዴኒስ ሪቺ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ኒው ጀርዚ በሚገኘው የቤል ላብስ የምርምር ተቋም ሆኖ ያበጀው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሪቺና ብራያን ከርኒሃን በጋራ ያሳተሙት ቀጭን መጽሐፍ ቋንቋውን ከተቋሙ ግቢ አውጥቶ ለዓለም አደረሰው። ሪቺ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 ዐርፏል። ቋንቋው ግን አላረፈም፤ የዓለምን ብዙ ኮምፒውተሮች የሚያንቀሳቅሰው የሊነክስ እምብርት ዛሬም በአብዛኛው የተጻፈው በሱ ነው።

የዚህ ቋንቋ ጠባይ ገላጭነቱ ነው። በቢሯችን የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ደብዳቤ ስንጽፍ አንዲት ቁልፍ እንጫናለን፤ ደብዳቤው ይቀመጣል፤ ከመጋረጃው ጀርባ የሆነውን ማንም አይነግረንም። ሲ ግን መጋረጃውን ይገልጠዋል። መክፈት፣ መጻፍ፣ ማፍሰስና መዝጋት አራት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያሳያል። አራቱም የየራሳቸው ትእዛዝ አላቸው፤ አራቱም ሊከሽፉ ይችላሉ። እናም አራቱንም «ተሳካ ወይስ አልተሳካም?» ብሎ የመጠየቅ ሸክም በጸሐፊው ጫንቃ ላይ ነው።

ከመክፈት እንጀምር። ፋይል የሚከፍተው ትእዛዝ ኤፍኦፕን ይባላል። ከጠሪው ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የፋይሉን ስምና የከፋቹን ሐሳብ። ስሙ ይገባናል። ሐሳቡን መጠየቁ ግን ይደንቃል። «ልታነብ ነው? ልትጽፍ ነው? ወይስ በነበረው ላይ ልትጨምር?» ይላል። መልሱም ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ የተወሰደ አንድ ፊደል ነው። «አር» ማለት ላነብ፣ «ደብልዩ» ማለት ልጽፍ፣ «ኤ» ማለት ልጨምር ማለት ነው።

ደብልዩን ልብ በሉልኝ። በስሙ የተጠራው ፋይል ከሌለ አዲስ ይፈጥራል፤ መልካም ነው። ፋይሉ አስቀድሞ ካለ ግን፣ በውስጡ የነበረውን ሁሉ ባዶ ያደርገዋል። ይህንንም የሚያደርገው ሲጽፍ አይደለም፤ ሲከፍት ነው። አንዲት ፊደል ሳትጻፍ፣ ገና በሩ እንደተከፈተ፣ የሃያ ዓመት ጽሑፍም ቢሆን ርዝመቱ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ሐሳቡን ቀይሮ ምንም ሳይጽፍ ቢዘጋው እንኳ የነበረው አይመለስም። አጥፊው ጽሕፈቱ ሳይሆን አከፋፈቱ ነው። «እኔ ልጽፍ ነውና ከእኔ በፊት የነበረው ይነሣ» የሚል ሐሳብ ብቻውን በቂ ነው።

ብራና ከዚህ ይልቅ ይራራል። የጥንታዊው ግሪካዊ ሊቅ የአርኪሜዲስ ሥራዎች በ10ኛው ክፍለ ዘመን በብራና ላይ ተገልብጠው ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያ ብራና ታጥቦና ተፍቆ የጸሎት መጽሐፍ ተጻፈበት። እ.ኤ.አ. ከ1998 በኋላ በነበሩት ዓመታት ተመራማሪዎች ብራናውን በልዩ ልዩ ብርሃን ፎቶግራፍ እያነሱ ከጸሎቱ ሥር የተፋቀውን ጽሑፍ አነበቡት። ፍቆ የጻፈው እጅ ያሰበው ሌላ ነበር፤ ቆዳው ግን ቂም እንደያዘ ሰው የቀድሞውን አልረሳም። በደብልዩ የተከፈተ ፋይል ለከፈተው ፕሮግራም እንዲህ ያለ ትዝታ አያቆይለትም።

የቋንቋው ጠባቂዎችም ይህን አደጋ አይተውታል። ሪቺ ባረፈበት በዚያው በ2011 የወጣው የቋንቋው ደረጃ «ኤክስ» የምትባል አንዲት ፊደል ጨመረ። ከደብልዩ አጠገብ ስትቆም ትርጉሟ «ፋይሉ አስቀድሞ ካለ አትክፈተው» ነው። ይህች የጥንቃቄ ፊደል በቋንቋው ደረጃ ላይ እስክትሰፍር ድረስ ቋንቋው ከተወለደ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ሰውም ቢሆን «ከመጻፌ በፊት በዚህ ስፍራ ማን ጽፎ ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ የሚበቃው ብዙውን ጊዜ ከአርባ በኋላ ነው።

በእኔ የእንጀራ ቦታ ደብልዩ ነውር ነው። በባንክ ሂሳብ ላይ የገባ ነገር አይፋቅም። አንድ መቶ ብር ላልተገባው ደንበኛ ገቢ ቢደረግ፣ ያን መስመር ፈልጎ ማጥፋት አይቻልም፤ ሪቨርስ ይደረጋል እንጂ። ማለትም በተቃራኒው የሚሠራ ሌላ መስመር ከሥሩ ይጻፋል። መጀመሪያ የተጻፈው፣ ያረመው መስመር፣ የሠራው ሰው፣ የፈቀደው ሰው፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም እንዳሉ ይኖራሉ። በእጅ በሚጻፍ ሌጀር ዘመንም ደንቡ ይኸው ነበር፤ ቃሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመራል፣ የተሰመረበት ቃል ግን መነበብ አለበት፣ ጎኑም ይፈረምበታል። ጣልያናዊው ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴዎችን የሁለትዮሽ መዝገብ ሥርዓት ከጻፈ ወዲህ የሂሳብ ሰው የኖረው በዚህ እምነት ነው፤ ያለፈውን መለወጥ አይቻልም፣ በላዩ ላይ መጨመር እንጂ።

ሲ ለዚህ እምነት የሰጠችው ፊደል «ኤ» ናት። በኤ የተከፈተ ፋይል የነበረውን አይነካም፤ አዲሱ ሁሉ ከመጨረሻው በኋላ ይገባል። ደስ የሚለኝም ጥብቅነቷ ነው። በሲ ውስጥ በፋይሉ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት ለመመላለስ የሚያስችል ትእዛዝ አለ። ጸሐፊው ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሶ «እዚህ ጋ ጻፍልኝ» ቢል ግን፣ ፋይሉ በኤ የተከፈተ እንደሆነ ጽሑፉ ሄዶ የሚያርፈው ከመጨረሻው ላይ ነው። መመለስ ይቻላል፤ ተመልሶ መለወጥ ግን አይቻልም። ትዝታም በደጉ ዘመኑ እንዲህ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኔ የመዝናኛ ትምህርት ሆኖ ያልቀረበት ምክንያት እናቴ ናት። እናቴ የሰሜን ሸዋ ሰው ናት፤ በአገሯ በሙሾ አውራጅነቷ ትታወቃለች። ለቅሶ በደረሰበት ቤት እሷ ካልመጣች ለቅሶው ለቅሶ አይመስልም ይባል ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። ያወረደችው ሙሾ ሁሉ የተጻፈው በሰማው ሰው ጆሮ ላይ ነው፤ የሰማውም ሰው በየተራው እያለፈ ነው። አሁን እሷም ሸምግላለች። ስሞች ይጠፉባታል፤ ቀን ታምታታለች። ገና ያልጠፋት ግጥሙ ነው።

ገበሬ የነበረው ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ያረፈ ጊዜ እንዲህ ብላ ነበር፦

ቀንበሩ ተሰቅሎ ቆሞ ቀረ በሬ፤
ምድርስ ምን ትላለች ያላንተ ገበሬ።

ይህን እኔም ሰምቻለሁ፤ በቃሌም ይዤው ነበር። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥታ ሳለ «እማዬ፣ ያን የጋሼን ሙሾ እስቲ ድገሚልኝ» አልኋት። ትንሽ ዝም አለችና፦

ቀንበሩ ተሰቅሎ ቆሞ ቀረ በሬ፤
ምድርም ጦም አደረች ያላንተ ገበሬ።

አለች። «እንዲህ ነበር እንዴ ያልሽው?» ብላት «ታዲያ እንዴት ልል ኖሯል፣ ልጄ?» አለችኝ። አልተከራከርኋትም። ሁለተኛው ከፊተኛው የተለየ ወርቅ አለው፤ መሬት ሳይታረስ ሲቀር ጦም አደረ ይባላልና። ያልታረሰው ማሳና ያልበላው ቤተሰብ በአንድ ቃል ገቡ። በፊተኛው ደግሞ ምድሪቱ አፍ አላት፤ ምን እንደምትል አይታወቅም፤ ጥያቄው ራሱ ለቅሶ ነው። ከሁለቱ የትኛው ነው እውነተኛው ሙሾ? መልስ የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ይህን ሙሾ በደብልዩ የሚጽፍ ሰው፣ ኋለኛውን ሲያሰፍር ፊተኛውን ይቀብራል። እንደ ባንክ መዝገብ በኤ የሚጽፍ ግን ሁለቱንም ያኖራል፤ ከሥር ከሥሩ፣ ከነቀናቸው።

አሁን ወደ መጻፉ እንለፍ። መጻፊያው ትእዛዝ ኤፍፕሪንትኤፍ ይባላል፤ ቀለል ያለ ወንድሙ ደግሞ ኤፍፑትስ። ፋይሉንና ቃሉን ይሰጡታል፤ ይጽፋል። ግን ምን ይጽፋል? ፋይል የሚያውቀው ባይት የተባለውን ቅንጣት እንጂ ፊደል አይደለም። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል። የእኛ ፊደል ግን ለእያንዳንዱ ሦስት ባይት ይፈልጋል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት፤ በፋይል ላይ ግን ዘጠኝ ባይት ትይዛለች። አራት ነጥባችንም ሦስት ባይት ነው፤ በቃላት መካከል የምንተወው ባዶ ስፍራ ብቻ አንድ ነው። ከዚህ የተነሣ የድሮዎቹ ጸሐፍት በየቃሉ መካከል ያኖሯት የነበረችው ሁለት ነጥብ ዛሬ ብትመለስ ከባዶው ስፍራ ሦስት እጥፍ ታስከፍላለች።

ይህ አቆጣጠር የመጣው ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ከተባለው ሥርዓት ነው። የሪቺ ባልደረቦች የነበሩት ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 ነድፈውታል፤ የንድፉ መነሻም ኒው ጀርዚ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት፣ ከሳሕን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ ነበር። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በኮምፒውተር አማርኛ የጻፈ ሰው ያስታውሳል፤ በአንዱ ፎንት የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ዛሬ ሲ ስለ አማርኛ ምንም ሳያውቅ አማርኛን በታማኝነት ያሳልፋል። ባይቶቹን እንደተሰጡት ያስቀምጣል፤ ፊደል የሚሆኑት በአንባቢው ፊት ነው።

ባለማወቁ ግን አንዳንዴ ይጎዳል። ለኤፍፕሪንትኤፍ «ከዚህ ቃል አሥር ብቻ ጻፍ» ማለት ይቻላል፤ እሱ አሥር ሲባል የሚቆጥረው ባይት ነው። «ቀንበሩ» የሚለውን ቃል እንዲህ ብንሰጠው «ቀንበ» ብሎ ዘጠኝ ይጨርስና ከ«ሩ» አንድ ሦስተኛዋን ብቻ ቆርጦ ያስቀምጣል። የፊደል ሲሶ ደግሞ ፊደል አይደለም፤ ሲነበብ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ይሆናል። ለላቲን ፊደል በተሰፋ ልክ የእኛን ቃል መቁረጥ ቀንበሩን ከመሃሉ መስበር ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሲቆርጥ ሦስት ሦስቱን መቁጠር አለበት፤ ይልቁንም አለመቁረጥ ይሻላል።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ኤፍፕሪንትኤፍ «ጻፍሁ» ብሎ ሲመለስ፣ በዲስኩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ገና ምንም አልተጻፈም። ቃሉ ያለው ባፈር በተባለ ማቆያ ውስጥ ነው። ምክንያቱ የሚገባ ነው። ወደ ዲስክ መመላለስ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂቱን ሰብስቦ አንድ ጊዜ መላክ ይቀላል። ካሸርም በእያንዳንዱ ብር ወደ ካዝና አይሮጥም፤ በመሳቢያው ያከማችና በአንድ ላይ ያስረክባል። በገበሬ ቤትም እህል ወፍጮ የሚወርደው በእፍኝ በእፍኝ አይደለም። እስከዚያው ጎታ ውስጥ ይቆያል።

ይህ ማቆያ በብዙ የሊነክስ ማሽኖች 4,096 ባይት ይይዛል። አንድ ምሽት ተቀምጬ የእናቴን የመጀመሪያ ሙሾ ቆጠርሁት። ፊደሎቹን፣ ነጥቦቹን፣ ባዶ ስፍራዎቹንና የመስመር ማብቂያዎቹን ጨምሮ 109 ባይት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያሉ 37 ሙሾዎች «ተጻፉ» ተብለው፣ አንዳቸውም ከዲስክ ሳይደርሱ፣ በማቆያው ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። ሠላሳ ሰባት ለቅሶ ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ፕሮግራሙ በድንገት ቢቆረጥ፣ ሁሉም አብረውት ይጠፋሉ፤ ፋይሉ ሲከፈትም ከዚያ በፊት ከደረሰው በቀር ምንም አይገኝበትም።

እዚህ ላይ ቋንቋው አንድ ርኅራኄ አለው። በደህና ሥራውን ጨርሶ የተሰናበተ ፕሮግራም ሳይዘጋ የተዋቸው ፋይሎች ቢኖሩ፣ ሲ ራሱ በማቆያው የቀረውን አፍስሶ ይዘጋለታል። በድንገት ለተገደለ ግን ይህ አይደረግለትም። ይህን ያነበብሁ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ቆየሁ። ፕሮግራም በደህና ለመሰናበት ዕድል አለው፤ ለሰው ግን ማን ቀጠሮ ሰጠው? እናቴ ሰባ ምናምን ዓመት ሙሉ ያከማቸችው በማቆያዋ ነው። ወደ ዲስክ የወረደው እኔና ጥቂት ዘመዶቿ የያዝነው ብቻ ነው።

ማፍሰሻው ትእዛዝ ኤፍፍላሽ ይባላል። «እስኪሞላ አትጠብቅ፤ ያለህን አሁን አፍስስ» ማለት ነው። ከማቆያው የፈሰሰው ግን ገና ሁለተኛ በር ይቀረዋል፤ የሚሄደው ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሜሞሪ ነውና። አሁን ፕሮግራሙ ቢሞት ቃሉ አይሞትም። መብራት ቢጠፋ ግን ሊሞት ይችላል። ሦስተኛው በር ኤፍሲንክ ነው፤ የቋንቋው ሳይሆን የዩኒክስና የሊነክስ ሥርዓት ትእዛዝ ነው፤ «ዲስኩ ላይ መስፈሩ እስኪረጋገጥ አልመለስም» ይላል። እንግዲህ በአንዲት «ጻፍሁ» ውስጥ ሦስት ጽሕፈቶች አሉ። ለራስ የተጻፈ አለ፤ ለጎረቤት የተሰጠ አለ፤ ለቀጣዩ ዘመን የጸና አለ። ሁላችንም በመሳቢያችን ያስቀመጥነው ግጥም ከየትኛው በር እንደቆመ ራሳችንን ብንጠይቅ አይከፋም።

መጨረሻው መዝጋት ነው፤ ኤፍክሎዝ። ብዙ ጀማሪዎች እንደ ትርፍ ነገር ያዩታል ይለኛል ወንድሜ፤ ጽሑፉ ካለቀ መዝጋቱ ምን ያደርጋል ብለው። እውነቱ ግን በማቆያው የቀረው የሚፈሰው በዚያች ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ክሽፈቱም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በዚያች ሰዓት ነው። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ ኤፍፕሪንትኤፍ ላያውቅ ይችላል፤ እሱ ያስረከበው ለማቆያው ነውና ደስ ብሎት ይመለሳል። «ስፍራ የለም» የሚለውን መርዶ የሚያመጣው ኤፍክሎዝ ነው። መልሱ ዜሮ ከሆነ በሰላም ተዘግቷል፤ ዜሮ ካልሆነ ግን ተጻፈ ብለን ያመንነው አልተጻፈም። መልሱን ሳይጠይቅ የሄደ ጸሐፊ መርዶውን አይሰማም፤ ሟቹ ግን ሞቷል።

በባንክ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራው ሰላም ቢመስልም፣ ቀኑ ቀን የሚባለው ማታ ሲዘጋ ነው። በእጅ ያለው ብር ይቆጠራል፤ መዝገቡ ከሚለው ጋር ይተያያል፤ እኩል ካልሆነ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መዝጊያውን እንደ ድካም ሰዓት ያየዋል፤ ከርሞ ግን ከዋለበት ሁሉ እውነት የተነገረው በዚያች ሰዓት ብቻ መሆኑን ይረዳል።

የሙሾውን ፕሮግራም የጻፍሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሃያ መስመር ገደማ ቢሆን ነው፤ ለሙያው ሰው የልጅ ሥራ ነው። አንድ ሙሾ ከኪቦርድ ይቀበላል። ፋይሉን በኤ ይከፍታል። ካልተከፈተለት ይናገራል እንጂ ዝም ብሎ አያልፍም። ቀኑን ይጽፋል፣ ከሥሩ ሙሾውን ይጽፋል፣ ያፈስሳል፣ ይዘጋል፣ መዘጋቱን ይጠይቃል፤ ከዚያም በአማርኛ «ገብቷል» ይላል። ለእያንዳንዱ ሙሾ እንዲህ መክፈትና መዝጋት ጊዜ ያባክናል ብሎ ወንድሜ ስቆብኛል። ልክ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይደክማል። እኔ ግን ሠላሳ ስድስቱን እንዲጠብቅ የምፈርድበት ሙሾ የለኝም።

ፋይሉ የማይዘውም አለ። ድምፅዋ የለበትም። ደረት ሲመታ የሚወጣው ምት፣ በስንኝና በስንኝ መካከል ትንፋሿ የሚቆምበት ስፍራ፣ ተቀባዮቹ የሚመልሱት «ወይ! ወይ!» የለበትም። ሊቃውንቱ ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ይሁን እንጂ የትናንቱ አይደገም ብለው የሚያስተምሩትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተናጋሪው ቃል ሕይወቱ የሰዓቱ ናት። ይህን አውቃለሁ። ሆኖም የተጻፈ ሙሾ ሕያው ባይሆንም መቃብሩ ይታወቃል፤ ያልተጻፈው ግን መቃብርም የለው።

ባለፈው ፋሲካ ለእናቴ ከፋይሉ አነበብሁላት። የመጀመሪያውን ሰማች፤ ሁለተኛውን ሰማች። «የማን ነው?» አለችኝ። «ያንቺ ነው፣ እማዬ፤ ለጋሼ ያወረድሽው» አልኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ እንደማታውቀው ሰው ግጥም አድርጋ አደነቀችው። ከዚያ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ማንም ሳይጠይቃት፦

ቀንበሩ ተሰቅሎ ቆሞ ቀረ በሬ፤
ዘር ከጎታ ቀረ ያላንተ ገበሬ።

አለች። ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የፊተኞቹን ሁለቱን ረስታ እንኳ ሦስተኛውን ወለደች። እኔም ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። ቀኑን ጻፍሁ፤ ከሁለቱ ሥር ሦስተኛውን አስቀመጥሁት። ዜሮ መለሰልኝ። ዘሩ በዚህች ሌሊት እንኳ ከጎታ አልቀረም።

እናንተም፣ ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ያለ እናት ወይም አባት፣ አያት ወይም ጎረቤት ይኖራችኋል። ሲን ባታውቁ ምንም አይደለም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ፊደሏን ብቻ አትርሱ። የነበረውን ሳትፍቁ፣ ከሥሩ ጨምሩ፤ ስትጨርሱም መዘጋቱን ጠይቁ።